የካራቆሬ ሰማይ ከመጋዘን በር ሲታይ

ግንቦት ሲጋመስ የካራቆሬ ሰማይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ማሽላ በመጋዘኑ የከመረው ነጋዴ የሚያየው ነው፤ ሌላው ገና ሊገዛ ብር የቋጠረው የሚያየው። ባለመጋዘኑ አንጋጦ ራሱን እየነቀነቀ «ዘንድሮ ጠብታም የለ» ይላል። ባለብሩ ከዚያው ደመና ሥር ቆሞ «ዘንድሮስ ጎርፉ ድልድይ ይወስዳል፣ ቶሎ ሽጥ» እያለ ገበሬውን ያጣድፋል። ደላላው ከሁለቱም ጋር ይስማማል፤ ኮሚሽኑ ከፀሐይም ከዝናብም ይቆረጣልና። ወሬው እሁድ ሰንበቴ ገበያ ውሎ በስልክ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ ትንቢት መሆኑ ቀርቶ ዋጋ ሆኗል።

ሌሎች ተንባዮችም አሉ። ሞራ ገላጩ ክረምቱን ከታረደው በግ ሞራ ላይ ያነብባል፤ ትንበያው ባይሰምር እንኳ ሥጋው ተበልቷል። ሌላው ዘመኑ የማቴዎስ ነው፣ የሉቃስ ነው እያለ ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበኩሉ ዝናቡን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች ብሎ በሦስት ከፍሎ ለየአንዳንዱ ዕድሉን ያስቀምጣል። ገበያው ከሦስቱ የሚሰማው ለጆንያው የተመቸውን ብቻ ነው።

ቀልዱ ግን ኪስ ይነካል። «ጥጋብ መጣ» ተብሎ በግንቦት በርካሽ የሸጠ ገበሬ ያንኑ ማሽላ በነሐሴ በውድ መልሶ ሊገዛ ይችላል። «ድርቅ ነው» ብሎ በባንክ ብድር ያከማቸ ነጋዴም ዝናቡ ካማረ እህሉን ከነወለዱ ታቅፎ ይቀራል።

የዝናቡ መብዛትና ማነስ ብቻውን ደግሞ ሁሉን አይናገርም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ከኤልኒኖ ጋር ዝናቡ ጎድሎ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በሌላ የኤልኒኖ ዘመን ዝናቡ በአጨዳ ሰዓት መጥቶ የደረሰ ሰብል አበላሸ። ወሳኙ ዝናቡ መምጣቱ ብቻ ሳይሆን የመጣበት ወር ነው።

ስለዚህ ከደመናው ይልቅ ማሳውን ማየት ያዋጣል። በይፋት ቆላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው በበልጉ እርጥበት ነው። በልጉ ከቀረ ገበሬው ቶሎ ወደሚደርሱት ወደ ጤፍና ለውጭ ገበያ ወደሚፈለገው ማሾ ይዞራል። ሰኔ ላይ ማሽላ ያልታየበት ማሳ፣ ክረምቱ ቢያምር እንኳ የማሽላ አቅርቦት ሊሳሳ፣ የማሾው ሊበዛ እንደሚችል አስቀድሞ ይናገራል። ይህን ለማየት አንድ የአውቶቡስ ትኬት ይበቃል።

ክረምቱ እንዲህ ይሆናል የሚል ነጋዴ ሲያጋጥም ግን፣ ትንበያውን ከመስማት በፊት መጋዘኑን ማስከፈት ነው።