ለሚያጨሰው ወንድማችን ቦታ አለን?

ወገኖች፣ እዚህ ልደታ ከእሑድ አምልኮ በፊት ጥግ ይዞ ሲጋራውን የሚጨርስ ወንድም እናውቃለን። ማስቲካ አኝኮ ይገባል፤ እኛ ግን ሽታውን ለይተን ወንበር እንቀይራለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዳይሸጡ ከልክሏል (ወጣቶቻችን «ቬፕ እኮ ሲጋራ አይደለም» ቢሉንም ሱስ የሚያስይዘው ያው ኒኮቲን ነው)። ሱስን ግን አዋጅ አያስለቅቅም፤ ግልምጫችንም እንዲሁ። ማጨስ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ልብንም ይጎዳል፤ ካቆሙ በ20 ደቂቃ ውስጥ ግን የልብ ምት መርገብ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርቱ ናቸው። አምሮቱ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ስልኩን የሚያነሣለት፣ አብሮት የሚጸልይ ከመካከላችን ማን ነው? ሐኪም ማማከሩንም የእምነት ማነስ አናድርግበት። ረቡዕ ቢያገረሽበት፣ ሐሙስ ጠዋት እንደውልለት።