ስሙ ጄሪ አይደለም!

በቅርቡ አንዲት ወጣት ደብዳቤ ጽፋልኛለች፡፡ ሥራ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው፡፡ በገባች በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል ተሳሳተችና ያቺው ቃል ቅጽል ስሟ ሆና ቀረች፡፡ «አለቃዬ ሳይቀር የሚጠራኝ በእሷ ነው፡፡ አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ፡፡ ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?» ትለኛለች፡፡

ከመመለሴ በፊት ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ፡፡ ሰውየው በእውን የለም፡፡ ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 ያሳየው «ፓርክስ ኤንድ ሪክሪኤሽን» የተባለ የአሜሪካ ኮሜዲ ገጸ ባህሪ ነው፡፡ ታሪኩ ፓውኒ በምትባል የኢንዲያና የፈጠራ ከተማ፣ የማዘጋጃ ቤት የመናፈሻ ክፍል ሠራተኞች ላይ ነው፡፡ አቀራረጹ ልክ እንደ ዶክመንተሪ ነው፡፡ ሠራተኞቹ ድንገት ዞር ብለው ካሜራውን ያዩታል፤ ለብቻቸው ቁጭ ብለውም የሆዳቸውን ይነግሩታል፡፡

እዚያ ቢሮ ጄሪ የሚባል ጎልማሳ አለ፡፡ ዕቃ ይጥላል፣ ሱሪው ይተረተራል፣ ቃል ይሳሳታል፡፡ ሁሉም የሚስቀው በእሱ ነው፡፡ ጉዱ ምን መሰላችሁ? ስሙ ጄሪ እንኳን አይደለም! ጋሪ ነው፡፡ ሥራ በጀመረ ቀን አለቃው ተሳስቶ «ጄሪ» ሲለው ማረሙ ነውር መስሎት ዝም አለ፡፡ በዚያው ቀረ፡፡ ኋላማ «ላሪ»፣ ቀጥሎም «ቴሪ» ብለውታል፡፡

በ2ኛው ምዕራፍ ትከሻው ተጎድቶ ይመጣና «ዘረፉኝ» ይላል፡፡ እውነቱ ሌላ ነው፡፡ የወደቀ ምግቡን ላንሳ ሲል ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነው፡፡ ለምን ዋሸ? እንዳይስቁበት! ሰው ከሚሳቅበት ቢዘረፍ ሲመርጥ አስቡት፡፡

እነዚህ የሚስቁበት ሰዎች ደግሞ ክፉዎች አይደሉም፡፡ ዋናዋ ሌስሊ ለከተማዋ እንቅልፍ የማይወስዳት ደግ ሴት ናት፤ እሷም ትስቅበታለች፡፡ ደራሲዎቹ በኋላ ጄሪን ክሰውታል፤ ቆንጆ ሚስት፣ የሚወዱት ልጆች ሰጥተው፣ መጨረሻ ላይ ከንቲባ አድርገው መቶ ዓመት አኑረውታል፡፡ የእኛ ቢሮ ግን ካሳ የሚጽፍ ደራሲ የለውም፡፡

ይህን የምለው ከደሙ ንጹህ ሆኜ አይደለም፡፡ ድሮ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ነበሩ፡፡ ነገር ሁሉ «ቆይ» ስለሚሉ «ጋሼ ቆይ» አልናቸው፡፡ ይስቁ ነበር፡፡ ጡረታ የወጡ ዕለት ስጦታው ላይ ስማቸውን እንጻፍ ስንል የአባታቸውን ስም የሚያውቅ ጠፋ! ያን ቀን ያፈርኩትን እስከዛሬ አልረሳውም፡፡ ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል የሚባለው ወዶ አይደለም፡፡

እና እህቴ፣ ምክሬ ይኸውልሽ፡፡ አንደኛ፣ አብረሽ መሳቁን ዛሬውኑ ተዪ፡፡ ሳቅሽን እንደ ፈቃድ ነው የቆጠሩት፡፡ መቆጣትም አያሻም፤ በዚያች ቃል ሲጠሩሽ በእርጋታ «ስሜ እገሊት ነው» በይ፡፡ አስር ጊዜም ቢሆን፡፡ ሁለተኛ፣ አለቃሽን ለብቻው አነጋግሪው፤ ሰው ፊት ከሆነ እሱም ለክብሩ ሲል ይቀልዳል፡፡ ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ብቻ ከጎንሽ አሰልፊ፡፡ ጋሪ በ7ኛው ምዕራፍ ስሙ የተመለሰለት ዶና የምትባል ባልደረባው በሠርጓ ቀን በትክክለኛ ስሙ እንዲጠራ ስላደረገች ነው፡፡ አንዲት ሴት በቃችው! ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልተውሽ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ፈልጊ፤ እስከዚያ ግን ለአንዲት ቃል ብለሽ እንጀራሽን አትልቀቂ፡፡

እናንተ ሳቂዎቹስ? ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ያንን ሰው በአባቱ ስም ጨምራችሁ ጥሩት፡፡ የአባቱን ስም ካላወቃችሁት ደግሞ ጠይቁት፡፡

ሳምንት ያገናኘን፡፡