«ወደ ላይ ውጣና ፈልግ» የሚባል ቤተ መጻሕፍት የለም

ሰሞኑን ስለ የጁ መሳፍንት አንድ ጽሑፍ እየሠራሁ ሳለ የማረጋግጠው ነገር ገጠመኝ። የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ልጆች በሚበዙበት አንድ የንባብ ግሩፕ ውስጥ ዓምና በደንብ እንደተነጋገርንበት አስታውሳለሁ። አንድ አባል የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለጥፎት ነበር። ጠየቅሁ። መልሱ «ተወርቶበታል፣ ወደ ላይ ውጣና ፈልግ» ሆነ።

ወጣሁ። የበዓል ምኞት፣ «ፒዲኤፉ ያላችሁ» የሚል ልመና፣ ሦስት ቀን የፈጀ ስድድብ፣ እንደገና የበዓል ምኞት። ፎቶው የለም። የለጠፈው ሰውም አካውንቱን ዘግቷል።

ወዳጆቼ፣ በግልጽ እንነጋገር። አንባቢ ነን እያልን ያነበብነውን በወንፊት እየቀዳን ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ያደግን ሰዎች፣ የጻፍነውን ራሱ የሚረሳ ቦታ መርጠን ተቀምጠናል።

በዚህ ላይ «ታሪካችንን ሌሎች ጻፉልን» ማለት እንወዳለን። አዎ፣ ጽፈውታል። ስለ አገራችን የተዘጋጀው ትልቁ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ»፣ አምስት ቅጽ ነው፤ የተዘጋጀው በጀርመን አገር ሀምቡርግ፣ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ዶክተር ሁሴን አሕመድ የወሎን እስልምና ታሪክ ያጠኑበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በውጭ አገር በእንግሊዝኛ ታተመ። የዳና ዑለማዎች ነገር እዚያ ውስጥ አለ። የሀብሩ ገበሬ ልጅ ስለ ገዛ ቀበሌው መስጊድ ለማንበብ እንግሊዝኛም ዶላርም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጎንደር ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ ሥልጣን ይዘው በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ የወደቁት የጁዎችም ታሪካቸው ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም።

በአማርኛስ? የአማርኛ ውክፔዲያ ከተከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያሉት ገጾች ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአንድ ተረትና ምሳሌ ወይም ከሁለት መስመር አያልፉም። የስዋሂሊው ከ70 ሺህ በላይ ደርሷል። ይህን ማንም አልሰረቀንም። «አርም» የሚለውን ቁልፍ ተጭነን ሳንጽፍ የቀረን እኛው ነን።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የንባብ ግሩፖቻችን የጋራ ዊኪ ይጀምሩ። ዊኪ ማለት ማንኛውም አባል የሚጽፍበት፣ ሌላው የሚያርመው፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ ነው። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር ሜዲያዊኪ ይባላል፤ ነፃ ነው።

ግን «የወሎ ሙሉ ታሪክ» ብለን አንነሣ። እንደዚያ ብለን ብንጀምር በሁለተኛው ሳምንት እንጣላለን። እኛ የታሪክ ዳኞች አይደለንም፣ አንባቢዎች ነን። የአንባቢ ሥራ ደግሞ የትኛው መጽሐፍ በስንተኛው ገጽ ስለ መርሳ፣ ስለ ወልድያ፣ ስለ ግራና፣ ስለ ውርጌሳ ምን አለ የሚለውን መመዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ገጽ። ስለ የጁዎች አመጣጥ ጸሐፊዎች አይስማሙም። የእኛ ገጽ «እገሌ በዚህ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፣ እገሌ ደግሞ እንዲያ ይላል» ብሎ ያቆማል። ፍርዱ የአንባቢው ነው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ።

«መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋም፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።» ስንት ኮሚቴ ቀብረናል? ደቦ ሲጠራ ማጭዱን ይዞ የሚመጣ እንጂ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ አይፈለግም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሃምሳ አባል አንዳንድ መጽሐፍ ቢይዝ ሃምሳ ገጽ አለን።

«ማንም እየገባ ያበላሸዋል።» ያበላሻል። በዊኪ ግን የተበላሸው ገጽ በአንድ ጠቅታ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያበላሸውም በታሪኩ ላይ ይታያል። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ውሸትስ ማን መለሰው? ጠብ ከመጣም ወሎ በአበጋር ደም ያደረቀ አገር ነው። ሦስት የሚከበሩ ሰዎች መርጦ «እስከዚህ ይበቃል» ማስባል አያቅተንም።

«ቻናሌ ተከታይ ያጣል።» ይህን በአደባባይ የሚናገረው የለም፣ ዋናው እንቅፋት ግን እሱ ነው። እኔም ቻናል ላይ ነው የምጽፈው፤ ፈተናውን አውቀዋለሁ። እውቀቱን በስምህ አጥረህ ከያዝከው ግን አንተ የሰለቸህ ቀን አብሮህ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ የምለው ለቅንጦት አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ ምን እንዳየች ሁላችንም እናውቃለን። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘረፈ። በየቤቱ የጠፋውን መጽሐፍ፣ ፎቶና ወረቀት የቆጠረው የለም። ከዚያ የሐምሌ 2015 መጨረሻ መጣ፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ጠፋ። ያን ጊዜ ቻናሉም ግሩፑም ለእኛ አልነበሩም።

ዊኪ ግን ኢንተርኔት ሳይኖርም ይነበባል። ኪዊክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ የአማርኛ ውክፔዲያን ሙሉውን ስልክ ላይ ያስቀምጣል፤ የእኛንም በዚያው መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል። በሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ገጠር ቀበሌ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። አንዱ ቤት ቢዘረፍ ሌላው ቤት ይተርፋል።

እንግዲህ እኔ የምይዘውን ተናግሬ ልጨርስ። የዶክተር ሁሴንን መጽሐፍ እኔ እወስዳለሁ፤ የጁንና ሀብሩን የነካበትን ገጽ ሁሉ በአማርኛ አሳጥሬ፣ የገጽ ቁጥሩን ጠቅሼ አስገባለሁ። ስሕተት ካገኛችሁብኝ አርሙኝ።

እናንተስ የትኛውን መጽሐፍ ትይዛላችሁ? ርዕሱን ከዚህ ልጥፍ ሥር ጻፉ። ያን ፎቶ የለጠፍከው ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ መጽሐፉ አሁንም እጅህ ላይ ካለ እባክህ ተመለስ።