ለዓሣ ተብሎ ሐይቅ ውስጥ የሚለቀቅ ነገር

«ዓሣው እንዲፋፋ ሐይቁ ውስጥ አዲስ ነገር ብንለቅስ?» የምትሉኝ አላችሁ። በገዛ ኩሬያችሁ ከሆነ ኑና እንነጋገር፤ ሐይቅ ላይ ግን እኔ አልስማማም። አሜሪካ፣ ሞንታና ሞክረውታል። ኮካኒ የሚባለው ዓሣ ይበላዋል ብለው ከፍላትሄድ ሐይቅ በላይ ባሉ ሐይቆች ማይሲስ የተባለ ሽሪምፕ ለቀቁ፤ ከዚያ በውሃው ወርዶ ፍላትሄድ ገባ። ሽሪምፑ ግን ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ይደበቃል፣ ወደ ላይ የሚወጣው ሌሊት ነው። ኮካኒው ደግሞ የሚበላው በብርሃን እያየ ነው። አልተገናኙማ! ይባስ ብሎ ኮካኒው የሚኖርባቸውን ደቃቅ የውሃ እንስሳት ሽሪምፑ ጨረሰበት። ከታች ያለው ትልቁ ትራውት ሽሪምፑን እየበላ በዛና ኮካኒውንም ያሳድደው ጀመር። እንቁላል ለመጣል ወደ አንዱ ገባር ወንዝ ይወጣ የነበረው ከ100 ሺህ በላይ ኮካኒ በ1989 እ.ኤ.አ. 50 ገደማ ቀረ። እሱን ፍለጋ ይመጡ የነበሩ ንስሮችም ጠፉ። ሽሪምፑ ግን ዛሬም እዚያው ሐይቅ ውስጥ አለ፤ በምን መረብ ለቅመው ያውጡት?