መስቀሉ የማን ወገን ነው?

ፕሪቶሪያ የምትባለዋን ከተማ ስም ዛሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንደ ቅጠል ያረገፈውን ጦርነት ለማቆም የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈራረሙት እዚያ ነው። ዳሩ ግን ያቺ ከተማ የኛን ስም ከዚያ 130 ዓመት ቀድማ ታውቀው እንደነበር ስንቶቻችን ሰምተናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ ጥቁር ቄስ፣ ነጮች ከሚያዙበት የሜቶዲስት ሚሲዮን «በቃኝ» ብለው ወጡ። በዚያ ሚሲዮን ጥቁሮቹ ቄሶች የሚሰበሰቡት ለብቻቸው ነው፤ ሰብሳቢያቸው ግን ነጭ ነው። መጽሐፉ አንድ፣ ጥምቀቱ አንድ፣ ወንበሩ ግን ሁለት! ሞኮኔ ወጥተው እዚያው ፕሪቶሪያ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ስሟን ምን አሏት? «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን»። ስሙ የተወሰደው ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ከሚናገረው ከመዝሙረ ዳዊት ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ። ለነዚያ ሰዎች የኛ ስም ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው ማለት ነበር። እኛ ደግሞ ከ130 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ የተገኘነው እርስ በርስ ተራርደን፣ ሸምጋይ ፍለጋ ነው። በሁለቱም ምሽግ ማተብ ያሰረ ወጣት ነበር። በሁለቱም በኩል ልጇን ለአንዲት እመቤታችን የተሳለች እናት ነበረች። ታዲያ መስቀሉ የማን ወገን ነበር?

ክርስትና ለፍትሕ ይቆማል ወይስ የግፍ መሸፈኛ ነው እያሉ የሚከራከሩ ሞልተዋል። ለሁለቱም ክርክር ማስረጃ አይጠፋም፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ሆኗል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለወገን መጮህማ ማንም ያውቅበታል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው፤ ለዚህ ወንጌል አያስፈልግም። ሃይማኖት የሚፈተነው የገዛ ወገን ሲበድል ነው።

እስቲ ከደቡብ አፍሪካ ሳንወጣ እንየው። እዚያ አገር ያለችው የአፍሪካነር ነጮች ትልቋ ቤተ ክርስቲያን የሆላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሲኖዶሷ እ.ኤ.አ. በ1857 አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ጥቁሩ አማኝ ከነጩ ጋር አብሮ ቢያመልክ መልካም ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይደግፈዋል አለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አላበቃም። «ለአንዳንዶች ድካም» ሲባል ግን ለየብቻ ቢያመልኩም ይፈቀዳል ሲል ጨመረበት። ድካም የተባለው እንግዲህ ከጥቁር ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ የቀፈፈው ነጭ ድካም ነው። በ1881 ነጭ ላልሆኑት የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመላቸው። በ1948 አፓርታይድን ያወጀው ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዳንኤል ማላን የዚችው ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ ቄስ ነበሩ! ለአንዳንዶች ድካም ተብላ የተከፈተች ቀዳዳ በ91 ዓመት ውስጥ የአገር ሕግ ሆና አረፈችው።

ከዚህችው ቤተ ክርስቲያን ግን ቤየርስ ኖዴ የሚባሉ ሰው ወጡ። ኖዴ ተራ ቄስ አልነበሩም። አባታቸው ብሩደርቦንድ የሚባለውን የአፍሪካነሮች የምስጢር ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ እሳቸውም አባል ነበሩ። ወንበሩም ክብሩም በእጃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ ባዶ እጁን በወጣ ሕዝብ ላይ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአብያተ ክርስቲያናት ስብሰባ ተጠርቶ የዘር መድልዎን የሚነቅፍ መግለጫ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈርዉርድ ሲቆጡ የነጮቹ ሲኖዶሶች ደንግጠው ቃላቸውን አጠፉ። ኖዴ አላጠፉም። በ1963 ከደብራቸው መድረክ ወረዱ፤ ቅስናቸውንም ተነጠቁ። የገዛ ወገናቸው ከሃዲ አላቸው። በ1977 ደግሞ መንግሥት እገዳ ጣለባቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማነጋገር ተከለከሉ። ጥቁሩ ቢጮህ የራሱ ቁስል ነው። እኚህ ሰው የጮኹት በማን ቁስል ነው?

የጥቁሮቹም ወገን ቢሆን ያው ፈተና ደርሶበታል። ዴዝሞንድ ቱቱ የኖቤል ሽልማት ባገኙ ማግስት፣ በሐምሌ 1985፣ ዱዱዛ በምትባል የጥቁሮች ሰፈር ቀብር ላይ ነበሩ። ሕዝቡ አንዱን ሰው «የፖሊስ ጆሮ ጠቢ ነህ» ብሎ ሊያቃጥለው ሲል ቱቱ ከሌሎች ካህናት ጋር ገብተው አስጣሉት። አስቡት፤ የተበደለው የራሳቸው ሕዝብ ነው፤ የተቆጣውም በእውነት ነው። እሳቸው ግን በደል የበዳይነት ፈቃድ አይሆንም አሉ። ነፃነት ከመጣ በኋላም አላረፉም። የመሩት የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን የአፓርታይድን ገዳዮች ብቻ ሳይሆን የነፃነት ታጋዮቹንም ጥፋት ዘረዘረ። በ1998 ሪፖርቱ ሊወጣ ሲል የማንዴላ ፓርቲ ኤ.ኤን.ሲ. እንዳይታተም ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። ተሸነፈ፤ ሪፖርቱም ወጣ። እኛ አገር ቢሆን እኚህን ጳጳስ «ባንዳ» ለማለት ስንት ቀን ይፈጅብን ነበር?

ወደ አሜሪካም ብንሻገር ወሬው ያው ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 የስቅለት ዕለት በርሚንግሃም ላይ ታሰሩ። በዚያው ሰሞን ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች መግለጫ አወጡ። ሰዎቹ ዘረኛ ነን ያሉ አይደሉም፤ ለስላሶች ናቸው። ሰልፉ ብልህነት የጎደለው ነው፣ ጊዜውም አይደለም ነው ያሉት። ኪንግ ከእስር ቤት ሆነው መልስ ጻፉ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚነበበው ያ ደብዳቤ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 15 ቀን እሁድ ጠዋት፣ በዚያችው ከተማ አንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ላይ ቦምብ ፈንድቶ አራት ሕፃናት ልጃገረዶች ሞቱ። ጊዜው አይደለም ለሚሉት ጊዜው መቼ ነበር? ደግሞም ኪንግን የነቀፉ ነጮች ብቻ አይምሰሏችሁ። የጥቁር ባፕቲስቶች ትልቁ ማኅበር በዚሁ ጉዳይ ተጨቃጭቆ በ1961 ለሁለት ተከፍሏል።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛ እኮ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ነን፤ ባሪያ ፈንጋይ ፈረንጅ ነው፤ አይደል? እንዴ! የለም፤ ሐቁን እንነጋገር። ፍትሐ ነገሥታችን ባሪያ ማሳደርን አይከለክልም ነበር። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስንት ጾመኛ ጌታ፣ ስንት ቆራቢ እመቤት ሰው ሲሸጡና ሲለውጡ ኖረዋል? ጌታን ያሳደገው ዮሴፍ አናጢ ነበር ብለን ከበሮ እየመታን እየዘመርን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጥልንን ባለእጅ «ቡዳ» ብለን ከማዕድ አላራቅነውም? ጢሰኛው ምርቱን ለባላባቱ ሲሰፍር፣ ቤተ ክርስቲያንም ባለ መሬት ነበረች። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪው ነው። ያን ጊዜ መድረኩ የት ነበር? ካህኑ ቀድሞ ብሎት ቢሆን ኖሮ ፍትሕ ለመማር ወደ ሌኒን መሄድ ባላስፈለገን ነበር።

የሚያኮሩን አባቶች የሉም ማለቴ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ወደቁ፤ ሐውልታቸው ምስክር ነው። ሆኖም ጣልያን የውጭ ጠላት ነው። የገዛ አገር ገዢ ሲገድልስ? በ1971 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። ጉዲና ከአገር ወጥተው ነፍሳቸውን የማዳን ዕድል ነበራቸው፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፤ ገዳያቸው ግን አንድ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ምን ነካን? ልጠይቅ። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ማይካድራ ላይ ለታረደው አማራ የመቀሌ መድረክ አለቀሰ ወይ? በዚያው ኅዳር አክሱም ላይ በኤርትራ ወታደር ለረገፈው ትግሬ የጎንደሩና የአዲስ አበባው መድረክ ጸሎተ ፍትሐት አደረሰ ወይ? ሰኔ 2014 ወለጋ ቶሌ ላይ ላለቀው አማራ የነቀምቴ ሰባኪ አነባ ወይ? በ2014 በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ለተገደሉት 14 የከረዩ ኦሮሞዎች የባሕር ዳር ካህን ስማቸውን ጠራ ወይ? «እነሱማ ክርስቲያን አይደሉም» የሚል ካለ፣ ደጉ ሳምራዊ የማን ወገን እንደነበረ ሄዶ ያንብብ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በትግራይ ስለሚፈጸመው በቪዲዮ ተናገሩ፤ ድምፄ ታፍኖ ነበር አሉ። ብዙ ሰው «ለዘራቸው ነው» ብሎ ጮኸባቸው። የሚያሳፍረው እሳቸው መናገራቸው ነው? ወይስ ነገሩ ለትግራይ ተወላጅ ጳጳስ ብቻ መተዉ?

ጥር 14 ቀን 2015 ደግሞ ሦስት ጳጳሳት ከሲኖዶስ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ለኦሮሞ ምእመን በቋንቋው የሚያገለግለው አጣ ነው ምክንያታቸው። አሿሿማቸው ቀኖና የጣሰ ነው፤ ደምም አፍስሷል። ዳሩ ግን ጥያቄው ውስጥ እውነት አልነበረም ብለን አንዋሽ። ሞኮኔን ያስወጣቸው የነጮቹ ጆሮ መደፈን ነው። ከአንድ ማዕድ የሚወጣውን ሰው ከመኮነን በፊት፣ ማን ገፋው ብሎ መጠየቅ ክርስቲያናዊ ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ አትግባ» የሚሉ ይመጣሉ። በርሚንግሃም ላይ ስምንቱም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ለመሆኑ ዘማች መባረክ ፖለቲካ አይደለም? ከባለሥልጣን ጋር ሪባን መቁረጥስ? ፖለቲካ የሚሆነው «አትግደል» ማለቱ ብቻ ነው? ቤተ ክርስቲያን የፓርቲ ካድሬ ትሁን አላልኩም። ቱቱ ሥልጣን ላይ ያሉትን ነጮች የገሠጹት፣ በኋላም የገዛ ወዳጆቻቸውን የገሠጹት፣ የማንም ካድሬ ስላልነበሩ ነው።

ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ጉባኤም፣ መግለጫም፣ የሰላም ኮንፈረንስም ጠግበናል። በመጪው እሁድ፣ በየደብሩና በየጸሎት ቤቱ፣ መድረክ ላይ የሚወጣው አገልጋይ የሌላውን ብሔር ሙታን ስም ይጥራ። አማራው ካህን የትግሬውንና የኦሮሞውን፣ ኦሮሞው የአማራውን፣ ትግሬው የአማራውን። ምእመኑ መጀመሪያ ያጉረመርም ይሆናል፤ ጥሎ የሚወጣም ይኖራል። ኖዴ ላይም የሆነው ያው ነው።

ያን ቀን ግን መስቀሉ የማን ወገን እንደሆነ ማንም አይጠይቀንም።

ልቦና ይስጠን!