ውሃው እስከ ነገ ይቆይ

ይህ ጥሪ በቤር ሼቫ ለምትኖሩ እርጉዞችና አባቶች ቢሆንም ከሁሉ በፊት ለአያቶች ነው። ምጥ ተጀመረ ሲባል ፎጣና ሳሙና ቋጥራችሁ ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በጥር ብርድ ነው። የሆስፒታሉን ስም አላነሳም። እትብቷ እንደተቆረጠ ወደ ቲኖኪያ (የአራስ ሕፃናት ክፍል) ወሰዷት። ስትመለስ ታጥባለች፣ ፀጉሯ በጎን ተበጥሯል፣ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። እናቴ እልል አለች፤ እኔም አመሰገንኩ። ልጅቷ ግን እግሯ ሲነካ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ጡት ባስጠጋላት አፏን እንኳ ሳትከፍት ተኛች። ማታ ጠርሙስ መጣ፣ በማግስቱም ጠርሙስ፤ እኔ ደግሞ «ወተት የለኝም» እያልኩ አለቀስኩ። ጥፋቱ ሁሉ የዚያ ውሃ ነበር ብዬ አልምልም። የዛሬውን ባውቅ ግን አስቆየው ነበር።

ሕፃን ሲወለድ ርጥብ ነው። ርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል፤ ከወንዝ ወጥተን ነፋስ ሲያገኘን የሚሰማን እሱ ነው። እኛ ተንቀጥቅጠን እንሞቃለን። አራስ ልጅ እንደኛ መንቀጥቀጥ ስለማይችል በትከሻውና በጀርባው የተቀመጠችለትን ጥቂት ስብ ያነዳል፤ ለዚያም ስኳርና ኦክስጅን ይፈጃል። አቅሙን በዚህ ከጨረሰ ይደክማል፣ የደከመ ልጅ ደግሞ አይጠባም። የሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ገና በተወለደበት ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከዚያ በታች መውረዱ ቀላል ነው።

ሰውነቱ ላይ የሚታየውን እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ደግሞ ቆሻሻ እንለዋለን። ቅባት ነው። ቆዳውን እንዳይደርቅ ይይዝለታል፣ ጀርም የሚከላከሉ ነገሮችም አሉበት። ገበያ ወጥታችሁ የምትገዙት የሕፃን ቅባት ሁሉ እሱን አያክልም። እጁ ላይ የቀረው የእንሽርት ውሃ ሽታም ሥራ አለው፤ ልጁ ጡቱን ፈልጎ እንዲያገኝ ይመራዋል። ሳሙና ያን መንገድ ያጠፋበታል።

ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት 24 ሰዓት ይዘግይ፣ በባህል ምክንያት ካልተቻለም ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆይ የሚለው። ኢትዮጵያ ውስጥም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ ያስተምራሉ። አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ሥር ያለ አንድ ሆስፒታል እጥበቱን በትንሹ 12 ሰዓት አዘግይቶ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ወደ 1,000 የሚጠጉ እናትና ልጆችን አነጻጸረ። በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሆስፒታል ሳሉ ጡት ብቻ የጠቡት ሕፃናት ከ59.8 በመቶ ወደ 68.2 በመቶ ከፍ አሉ። መድኃኒት አልተጨመረ፣ ገንዘብ አልወጣ።

እናቴን ይህ ቁጥር አላሳመናትም። «ሳይታጠብ እንዴት ይታቀፋል?» አለችኝ። ያሳመናት የአራስ ጎጆ ነው። ጎንደር ሳለን አራስ ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ጎጆዋ ቆይታ፣ ቀኑ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ጠልቃ ትገባ አልነበር? «እማ፣ ያንቺ ውሃ 80 ቀን ከጠበቀ የልጁ አንድ ቀን ቢጠብቅ ምን ይላል?» አልኳት። ሳቀች። በ1991 ወገኖቻችንን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን አውሮፕላን ላይ የተወለዱትንም አነሳሁባት፤ እዚያ ማን ገንዳ ይዞ ነበር?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ በሚቀጥለው የጢፓት ሐላብ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ቀጠሮ ለነርሷ ተናገሩ። የከተማችን ሆስፒታል ሶሮካ ከአገሪቱ ትልልቅ ማዋለጃዎች አንዱ ነው፤ አዋላጇ በአንድ ፈረቃ ብዙ ሰው ስለምታስተናግድ ፍላጎታችሁን ቀድማ ብታውቀው ይሻላል። ይህችን አረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቴዑዳት ዜሁታችሁ (መታወቂያችሁ) ጋር አኑሯት፦ «ብሊ አምባትያ ባዬማማ ሃሪሾና፣ ቤቫካሻ።» እባካችሁ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ልጄን አትጠቡብኝ ማለት ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ዕብራይስጥ ይጠፋባታል፣ ስለዚህ ወረቀቷን የሚይዘው አባት ይሁን። አማርኛ የሚቀናችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቋንቋ ተደራሽነት መመሪያ ያወጣው በ2011 ነው፣ ማፈር የለም።

ልጁ እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ደሙ ይጠረግ፣ ነጩ ቅባት ግን እንዳለ ይቆይ። ከዚያ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ኦር ለኦር (ቆዳ ለቆዳ)፣ ከላይ ብርድ ልብስ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ። አያት ሆይ፣ የእርስዎ ሥራ ያን ጊዜ ኮፍያውን ማድረግና ጎብኚውን መመለስ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ ከ24 ሰዓትም በላይ ሊቆይ ይችላል። እናቲቱ በደም የሚተላለፍ በሽታ ካለባትና ሐኪም ቶሎ ይታጠብ ካለ ደግሞ ሐኪሙን ስሙ።

ቤት ስትገቡስ? የቤር ሼቫን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት አጥንት የሚሰብር ብርድ፣ ወለሉ ደግሞ በረዶ። በዱድ ሸሜሽ (በፀሐይ ውሃ ማሞቂያው) አትተማመኑ። ደመና በዋለበት ቀን ውሃው ሞቆ ይጀምርና ልጁ ሳሙና እንደተቀባ ይቀዘቅዛል፤ በእኔ ደርሷል። ቦይለሩን ቀድማችሁ አብሩ፣ የሚበቃውን ውሃ ገንዳው ውስጥ አዘጋጁ፣ በክርናችሁ ለኩት፤ 37 ዲግሪ ገደማ ይሁን። በበጋ ማዝጋኑን (ማቀዝቀዣውን) አጥፉ፣ መስኮቱን ዝጉ። ፎጣው ተዘርግቶ ይጠብቅ። ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፣ ሳሙናም ባይኖር ምንም አይጎድል። ካደረቃችሁት በኋላ ቀጥታ ወደ እናቱ ደረት።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ በዚህ ወር የምትወልድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ስልክ ደውሉላት። እናቷንም አብራችሁ አነጋግሯት፤ ፎጣውን የምትይዘው እሷ ናት።