የሱስ አማካሪ ይማርልን፤ ወጪውንም መንግሥት ይቻል

የተከበራችሁ የሲሪንቃ ነዋሪዎች፤

ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ልጃቸውን ከአረቄና ከጫት ለማላቀቅ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ አሳከሙት። ይህን የምንጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ልጁም ደህና ሆኖ መጣ፤ ሁላችንም እሰየው አልን። ምን ያደርጋል፣ ሦስት ወር ሳይሞላው እዚያው ተመልሶ ገባ። ቄሱም መከሩት፣ ሼሁም መከሩት። ያጣው በየሳምንቱ አስቀምጦ የሚያነጋግረው፣ የሱስን ጠባይ በትምህርት የሚያውቅ ሰው ነው። በሬውም ሄደ፣ ልጁም አልዳነ።

ሱስ አንዴ ታክሞ የሚተው ሕመም አይደለም፤ ያገረሻል። ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥና ራሱን ስቶ ሊወድቅ ስለሚችል፣ «በቃ ተው» ብሎ በር መቆለፍም አደጋ አለው። ባለሙያ ቅርብ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ባለሙያውን ማን ያስተምረው? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ይጋራል፤ ሲመረቅ ዕዳ ይዞ ይወጣል። ባለዕዳ ልጅ ገጠሩን ትቶ ደመወዝ ወደሚሻልበት ቢሄድ አይፈረድበትም። ስለዚህ መንግሥት ሙሉ ወጪውን ይሸፍን፤ የተማረውም በገጠር ጤና ጣቢያ ለተወሰኑ ዓመታት ያገልግል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መሠረት ከመጠጥና ከሲጋራ ግብር ይሰበሰባል፤ ከዚያው ይመደብ። የማይቻል ነገርም አይደለም። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ድሮ የሚሠለጥነው ውጭ አገር ነበር፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥናል። ለእኛም ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ነው።

ራሳችንንም አንርሳ። ከመካከላችን አረቄ አውጥተው፣ ጫት ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ አሉ፤ ልንወነጅላቸው አልተነሳንም። ግን የታመመውን ልጅ «ሰካራም»፣ «ጀዝባ» እያልን መንገድ ላይ መስደቡን እንተው። የተሰደበ ይደበቃል፤ የተደበቀ አይታከምም።

ጥያቄያችንን ለሀብሩ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ እናቀርባለን። በመጪው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባወራውም እማወራውም፣ ወጣቱም በማኅበሩ ቢሮ እየተገኘ እንዲፈርም እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት